ዲግሪ ሳይኖረኝ በራሴ ሙያ ወደ ውጭ አገር መሄድ እችላለሁ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል አራቱ ተቀራራቢ ጥያቄ ያነሡ ሆነው ስላገኘናቸው በአንድ ላይ አስተናግደናቸዋል። ጸሐፊዎቹ በሙሉ በራሳቸው ሥራ የሚተዳደሩና ሙያቸውን ከኮሌጅ ሳይሆን ከሥራው የተማሩ ሰዎች ናቸው። ደብዳቤዎቹን አሳጥረን ስምና አድራሻ አስቀርተናል።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 41 ሲሆን በአዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ የባህል ልብስ እሰፋለሁ። የተማርኩት እስከ 8ኛ ክፍል ነው፤ ሙያውን ያስተማረችኝ አክስቴ ናት። የራሴን ሱቅ ከከፈትኩ 14 ዓመት ሆኖኛል፤ ንግድ ፈቃድ አለኝ፣ አራት ሠራተኞችም አሉኝ። ፍራንክፈርት የምትኖረው እህቴ እዚያ መጥቼ ለሐበሾች ልብስ ብሰፋ ጥሩ ገበያ እንደማገኝ ትነግረኛለች። ጉዳይ አስፈጽማለሁ የሚል አንድ ሰው ግን «ያለ ዲፕሎማ አይሆንም፤ ከፈለግሽ ዲፕሎማውንም አወጣልሻለሁ» አለኝ። እውነቱ ምንድን ነው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ከሁሉ አስቀድመው ያ ሰው አወጣልሻለሁ ያለዎትን ዲፕሎማ ከሐሳብዎ ያውጡት። ሐሰተኛ ሰነድ ለኤምባሲ ማቅረብ ማመልከቻውን ውድቅ ከማስደረግ አልፎ በሕግ የሚያስጠይቅ ሲሆን፣ ወደፊት በእውነተኛ ሰነድ የሚያቀርቡትንም ጥያቄ በጥርጣሬ እንዲታይ ያደርጋል። የሚያስቆጨው ደግሞ እርስዎ ባሰቡት መንገድ ዲፕሎማው በቅድመ ሁኔታነት ያልተቀመጠ መሆኑ ነው።

በራስ ሥራ ለመተዳደር ወደ ሌላ አገር የሚሄድ ሰው ሁለት ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ብዙዎች ግን ሁለቱን እንደ አንድ ስለሚቆጥሯቸው ይደናገራሉ። አንደኛው በአገሩ ለመኖርና የራስን ድርጅት ለማንቀሳቀስ የሚሰጠው የመኖሪያ ፈቃድ ነው። ሁለተኛው ያንን የተለየ ሙያ ለሕዝብ ለመሥራት የሚያስፈልገው ፈቃድ ወይም ምዝገባ ነው። የትምህርት ማስረጃ ጥያቄ ጎልቶ የሚመጣው በአብዛኛው በሁለተኛው ላይ ሲሆን፣ እርስዎ በዚህ በኩል ዕድለኛ ነዎት።

የመኖሪያ ፈቃዱን እንይ። የጀርመን የመኖሪያ ሕግ አንቀጽ 21 በራሱ ሥራ መተዳደር ለሚፈልግ የውጭ ዜጋ ሦስት ነገሮችን ይጠይቃል፦ ለሥራው ኢኮኖሚያዊ ፍላጎት ወይም አካባቢያዊ አስፈላጊነት መኖሩን፣ ሥራው በኢኮኖሚው ላይ በጎ ውጤት ያመጣል ተብሎ የሚጠበቅ መሆኑን፣ እንዲሁም ማስጀመሪያው ገንዘብ በራስ ካፒታል ወይም ባበዳሪ በተሰጠ ማረጋገጫ የተያዘ መሆኑን። እነዚህን ለመመዘን የሐሳቡ አዋጭነት፣ የአመልካቹ የንግድ ልምድ፣ የካፒታሉ መጠን፣ ለሌሎች ሰዎች ሥራና ሥልጠና የሚያስገኘው ጥቅም ይታያል። ልብ ይበሉ፤ ሕጉ የሚለው «የንግድ ልምድ» ነው፤ ዲፕሎማ የሚል ቃል በመመዘኛዎቹ ውስጥ የለም። 14 ዓመት ሱቅ ያስተዳደረችና ለአራት ሰው ደመወዝ የምትከፍል ባለሙያ በዚህ መመዘኛ ከብዙ ባለ ዲግሪ ትበልጣለች፤ ማስረጃ ማቅረብ ከቻለች ማለት ነው።

ደላሎች አሁንም ድረስ «250 ሺህ ዩሮና አምስት ሠራተኛ ከሌለ አይሆንም» ሲሉ ይሰማል። ይህ መነሻ የሌለው ወሬ አይደለም፤ ሕጉ ቀደም ሲል ይህን የሚል ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ግን ከነጭራሹ ተሰርዟል። ዛሬ የተቆረጠ የገንዘብ መጠን የለም፤ ገንዘቡ የሚለካው ከሥራው ዓይነት አንጻር ነው። ለአንዲት የስፌት ሱቅ የኪራይ፣ የማሽን፣ የጨርቅና ገቢ እስኪመጣ ድረስ ያለው የኑሮ ወጪ ተሰልቶ ያ ገንዘብ መኖሩ መረጋገጥ አለበት።

ወደ ሙያው ፈቃድ ስንመጣ፣ ጀርመን የዕደ ጥበብ ሙያዎችን በሕግ ከፋፍላ የምታስተዳድር አገር ናት። በአንደኛው ዝርዝር ያሉት ሙያዎች የራስን ድርጅት ለመክፈት በመርህ ደረጃ ማይስተር የሚባለውን ከፍተኛ የሙያ ማዕረግ ይጠይቃሉ፤ ፀጉር ሥራ፣ ዳቦ መጋገር፣ የእንጨት ሥራ፣ የኤሌክትሪክና የመኪና ጥገና ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። የልብስ ስፌት ግን እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ማይስተር ከማይጠየቅባቸው ሙያዎች ተራ የተመደበ ነው። በመሆኑም በአካባቢው የዕደ ጥበብ ምክር ቤት መመዝገብና በማዘጋጃ ቤቱ የንግድ ቢሮ ሥራውን ማስታወቅ ይበቃል። ይህንኑ ደብዳቤ የጻፈልን የፀጉር ባለሙያ ቢሆን ኖሮ መልሳችን እጅግ የተለየ ይሆን ነበር። ስለዚህ ለጎረቤትዎ የሠራው መንገድ ለእርስዎ፣ ለእርስዎ የሚሠራውም ለጎረቤትዎ ላይሠራ ይችላል።

ታዲያ ችግሩ የት ላይ ነው? በእኛ ግምት ችግሩ ያለው በማስረጃው ላይ ነው። አብዛኞቹ አነስተኛ ነጋዴዎቻችን ለብዙ ዓመታት የደረጃ «ሐ» ግብር ከፋዮች ሆነው በቁርጥ ግብር ስለኖሩ የሒሳብ መዝገብ የመያዝ ግዴታ አልነበረባቸውም። ገቢያቸው በግምት የተተመነ፣ ሽያጫቸው ከእጅ ወደ እጅ የሄደ፣ ለሠራተኛ የከፈሉት ደመወዝም ያለ ፊርማ የታለፈ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ኤምባሲው ፊት ቀርቦ «14 ዓመት ሠርቻለሁ» ቢል ቃሉን የሚደግፍለት ወረቀት የለውም። ስለዚህ ሌላ ሳያስቡ በየዓመቱ የታደሰውን ንግድ ፈቃድ፣ የግብር ክሊራንስና የክፍያ ደረሰኞች፣ የሱቁን የኪራይ ውል፣ የባንክ ሒሳብ እንቅስቃሴ፣ ከደንበኞችና ከጨርቅ አቅራቢዎች ጋር የተደረጉ የጽሑፍ ስምምነቶችን በዓመት በዓመቱ ይሰብስቡ። የጎደለውን ዓመት የገቢዎች ጽሕፈት ቤት ካለው መዝገብ ላይ ማስረጃ እንዲጽፍልዎ ይጠይቁ። ከዛሬ ጀምሮ ደግሞ ሽያጭዎን በባንክ በኩል ያድርጉት፤ የሁለት ዓመት ንጹሕ የባንክ እንቅስቃሴ ከአሥር የምስክር ወረቀት ይበልጥ ያስረዳል።

አንድ ተጨማሪ ምክር አለን። በአገራችን የሙያ ብቃት ምዘና፣ ሰዉ በተለምዶ ሲኦሲ የሚለው፣ ለቴክኒክና ሙያ ተማሪዎች ብቻ የተዘጋጀ አይደለም፤ ሙያውን ከቤተሰብ ወይም ከሥራ ላይ የተማረ ሰውም ቀርቦ መመዘን ይችላል። ምዘናውን ያለፈ ሰው የሚያገኘው የምስክር ወረቀት ሕጋዊና እውነተኛ ነው። ጀርመን ውስጥ እንደ ማይስተር ባይቆጠርም፣ ከማመልከቻዎ ጋር ሲያያዝ የሙያ ልምድዎን በመንግሥት አካል የተረጋገጠ ያደርገዋል። ደላላው በብዙ ሺህ ብር ሊሸጥልዎ የፈለገው ወረቀት እውነተኛው ዘመድ ይህ ነው።

ስለ ዕቅድዎ ግልጽ አስተያየት ልስጥ። እህትዎ በቅንነት የነገረችዎ ገበያ በወረቀት ላይ ሲሰላ ቀጭን ሊሆን ይችላል። የሽሮ ሜዳ ልብስ ተሰፍቶ በሻንጣና በጭነት በቀላሉ ፍራንክፈርት ይደርሳል፤ ማመልከቻውን የሚመረምሩት ሰዎችም «እዚሁ መሰፋቱ ለምን አስፈለገ?» ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። በዚያ ላይ ባለሥልጣኑ የአካባቢውን ምክር ቤት አስተያየት ስለሚጠይቅ፣ መልሱን የሚሰጡት ሐበሻ የማያውቁ የከተማው ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ዕቅድዎ ልብስ ማጥበብና ማስተካከልን፣ የሠርግ ልብስን፣ በእጅ የሚሠራ ጥልፍን ለጀርመን ደንበኛ ጭምር የሚያቀርብ ቢሆን ይበረታል። ልብስ አስተካካይ ፍለጋ ሳምንታት የሚጠብቅ ከተማ ካለ ያንን በአካባቢው ሱቆች ደብዳቤ ማስደገፍ ይቻላል፤ እህትዎ ልትረዳዎ የምትችለው ትልቁ ሥራ ይህ ነው። ገንዘብ ካላት ደግሞ ልታበድርዎ መስማማቷን በጽሑፍ ማረጋገጥ ትችላለች፤ ካፒታልዎን ከኢትዮጵያ ለማውጣት የሚያስቡ ከሆነ ግን የብሔራዊ ባንክን የውጭ ምንዛሪ መመሪያ ሳያዩ አንድ እርምጃ እንዳይራመዱ።

የዕድሜም ጉዳይ አለ። ሕጉ ዕድሜው ከ45 ዓመት በላይ የሆነ አመልካች በቂ የጡረታ ዋስትና እንዲያሳይ ስለሚጠይቅ፣ እርስዎ በቀሩዎት አራት ዓመታት ውስጥ ቢያመለክቱ ይህ ሸክም አይመጣብዎትም። የጤና መድን ማሳየት ግን ለሁሉም ግዴታ ነው። ለዚህ የመኖሪያ ፈቃድ የተወሰነ የጀርመንኛ ደረጃ በሕጉ ባይጠቀስም፣ ውል መፈረምና ከግብር መሥሪያ ቤት ጋር መጻጻፍ የማይችል ነጋዴ ዕቅዱን ማሳመን ስለሚከብደው ቋንቋውን ከአሁኑ መጀመር ይጠቅማል።

እህትዎ ለጉብኝት ልትጋብዝዎና ገበያውን ሊያዩ ይችላሉ፤ በጉብኝት ቪዛ ገብቶ መስፋት ግን ክልክል ነው። እዚያው ሆኜ ወደ ሥራ ፈቃድ እለውጠዋለሁ ማለትም የኢትዮጵያ ፓስፖርት ለያዘ ሰው አይሠራም፤ ማመልከቻው በአዲስ አበባው ኤምባሲ በኩል ለረዥም ጊዜ ቪዛ መቅረብ አለበት። ፈቃዱ ሲሰጥ እስከ ሦስት ዓመት ነው፤ ሥራው ተሳክቶ ኑሮዎን የሚሸፍን ከሆነ ከሦስት ዓመት በኋላ የቋሚነት ጥያቄ ማቅረብ ይቻላል።

ጥያቄ፦ ዱባይ ከመጣሁ ስድስት ዓመቴ ነው። ፀጉር አስተካካይ ነኝ፤ ተምሬ ያገኘሁት ወረቀት የለኝም። ቪዛዬ ፍሪ ቪዛ ነው፤ ቪዛውን በስሙ ላወጣልኝ አሠሪ፣ ለከፊሌ፣ በየዓመቱ እከፍለዋለሁ፣ የምሠራው ግን ለራሴ ነው፤ ሰዎች ቤታቸው ድረስ ይጠሩኛል። አሁን «ግሪን ቪዛ» የሚባል ለራሱ ለሚሠራ ሰው የሚሰጥ አለ ሲባል ሰማሁ። ላመልክት?

መልስ፦ ወንድማችን፣ ፍሪ ቪዛ የሚባል የቪዛ ዓይነት በኤሚሬትስ ሕግ ውስጥ የለም። ያለዎት የከፊልዎ ድርጅት ተቀጣሪ መሆንዎን የሚገልጽ ኢቃማ፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃድ፣ ነው፤ ከዚያ ድርጅት ውጭ ሲሠሩ የሚገኙ ከሆነ ጥፋቱ የእርስዎም ነው። ከፊሉ ገንዘቡን እየተቀበለ ቆይቶ በተጣላችሁ ቀን «ሠራተኛዬ ጠፍቷል» ብሎ ማመልከት ይችላል፤ የሚታሰረውና የሚባረረው ያኔ እርስዎ ነዎት። እ.ኤ.አ. ከ2024 ወዲህ ያለ ፈቃድ ሰው በሚያሠሩ ላይ የሚጣለው ቅጣት ከ100 ሺህ እስከ አንድ ሚሊዮን ድርሃም እንዲሆን ስለተደረገ ፍተሻው ጠብቋል።

ግሪን ቪዛ እውነት ነው፤ እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2022 ጀምሮ በራሱ ለሚሠራ ሰው ያለ ከፊል የአምስት ዓመት መኖሪያ ይሰጣል። ነገር ግን ከሠራተኛ ሚኒስቴሩ የፍሪላንስ ፈቃድ፣ የመጀመሪያ ዲግሪ ወይም የልዩ ሙያ ዲፕሎማ፣ እንዲሁም ባለፉት ሁለት ዓመታት ከራስ ሥራ የተገኘ ቢያንስ 360 ሺህ ድርሃም ገቢ ወይም ራስን ለማስተዳደር የሚበቃ ሀብት ይጠይቃል። በእርስዎ ሁኔታ ገቢዎ ቢሞላ እንኳ የተገኘበት መንገድ ሕጋዊ ስላልሆነ በማስረጃነት ሊያቀርቡት አይችሉም። እንግዲህ ይህ በር ለእርስዎ አልተሠራም፤ አሠራልሃለሁ ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅዎትን አይመኑ።

ዲፕሎማ የማይጠይቀው መንገድ የንግድ ፈቃድ አውጥቶ የድርጅት ባለቤት ወይም ሸሪክ በመሆን የሚገኘው መኖሪያ ነው። እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2021 ወዲህ በብዙ የሥራ ዘርፎች የውጭ ዜጋ ድርጅቱን ሙሉ በሙሉ በስሙ ማድረግ ስለሚችል፣ የአገሩ ተወላጅ ሸሪክ የመፈለግ ግዴታ ቀንሷል። ፀጉር ቤት ግን ቦታ ተከራይቶ የማዘጋጃ ቤቱን የጤናና የንጽሕና መመዘኛ ማሟላት ስላለበት ወጪው ቀላል አይደለም፤ ቤት ለቤት እየዞሩ መሥራትም በዚህ ፈቃድ ውስጥ አይካተትም። ሁለት ሦስት ሆናችሁ በመዋጮ ብትከፍቱት ሊቻል ይችላል፤ ውሉ ግን በሁላችሁም ስም ይሁን፣ በአንዱ ስም ተመዝግቦ ሌሎቻችሁ ዳግመኛ ያለ ወረቀት እንዳትቀሩ። ይህ የማይሆን ከሆነ ሌላው አማራጭ ፈቃድ ባለው ፀጉር ቤት ተቀጥሮ ቪዛን ወደዚያ ማዛወር ነው። በራስ መሥራት የለመደ ሰው መቀጠርን እንደ ውርደት ሲያየው እናውቃለን፤ ሆኖም ሁለት ዓመት ተቀጥሮ የደመወዝ መዝገብ ያለው ሰው ለሚቀጥለው እርምጃ የተሻለ መነሻ ይኖረዋል።

ጥያቄ፦ ሐዋሳ ምግብ ቤት አለኝ። 10ኛ ክፍል ጨርሼ ወደ ሥራ ገባሁ። ቨርጂኒያ የሚኖረው ታላቅ ወንድሜ የአሜሪካ ዜጋ ነው፤ አሌክሳንድሪያ ከተማ አብረን ምግብ ቤት እንክፈት ይለኛል። እሱ 60 በመቶ፣ እኔ 40 በመቶ ድርሻ እንይዛለን፤ ገንዘቡ በአብዛኛው የሱ ነው። ለእኔ የሚሆን ቪዛ አለ? ባለቤቴ ሹሩባ ትሠራለች፤ እሷስ እዚያ መሥራት ትችላለች?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ብዙ ኢትዮጵያዊ የማያውቀው አንድ ነገር አለ። ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በነበሩበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1951፣ ኢትዮጵያና አሜሪካ የወዳጅነትና የኢኮኖሚ ግንኙነት ስምምነት ተፈራርመዋል፤ ስምምነቱም በ1953 ሥራ ላይ ውሏል። በዚህ ውል ምክንያት የኢትዮጵያ ዜጎች ኢ-2 የሚባለውን የባለሀብት ቪዛ ለመጠየቅ ከሚችሉት አገሮች ዝርዝር ውስጥ ናቸው። ዝርዝሩ ውስጥ የሌሉ ትልልቅ አገሮች አሉ፤ ሕንድና ቻይና የሉበትም። ዲቪ ሲደርስ የሚጠየቀው የ12ኛ ክፍል ማስረጃ ወይም ረዥም ሥልጠና በሚጠይቅ ሙያ የተገኘ የሁለት ዓመት ልምድ በኢ-2 አይጠየቅም። የሚጠየቀው ገንዘብና እውነተኛ ሥራ ነው።

ችግሩ ያለው ወንድምዎ ባሰቡት ክፍፍል ላይ ነው። ድርጅቱ ቢያንስ 50 በመቶ በውሉ አገር ዜጎች፣ ማለትም በኢትዮጵያ ዜጎች፣ የተያዘ መሆን አለበት። ወንድምዎ የአሜሪካ ዜጋ ስለሆኑ በዚህ ስሌት ኢትዮጵያዊ አይባሉም፤ በግሪን ካርድ የሚኖር ኢትዮጵያዊም ቢሆን አይቆጠርም። 60 ለ40 ከሆነ ማመልከቻው ገና ከበሩ ይመለሳል። በግማሽ ድርሻ ቢስማሙ ወይም እርስዎ የበላይ ድርሻ ቢይዙ ግን ይህ መሰናክል ይነሣል፤ ሥራውን የሚመሩትና የሚያሳድጉትም እርስዎ መሆንዎን ማሳየት ይኖርብዎታል።

ወንድምዎ ገንዘቡን በስጦታ ሊሰጡዎት ይችላሉ፤ ስጦታ በሕጋዊ መንገድ የተገኘና በእርስዎ ቁጥጥር ሥር የገባ መሆኑ እስከተረጋገጠ ድረስ ተቀባይነት አለው። ምግብ ቤቱን ራሱን አስይዞ የተወሰደ ብድር ግን እንደ እርስዎ ኢንቨስትመንት አይቆጠርም። ሕጉ ይህን ያህል ዶላር የሚል ቁጥር አላስቀመጠም፤ የሚያየው ያዋጡት ገንዘብ ድርጅቱን ለመግዛት ወይም ለማቋቋም ከሚያስፈልገው ጠቅላላ ወጪ አንጻር ምን ያህል እንደሆነ ነው። ገንዘቡ በባንክ ተቀምጦ የሚጠብቅ ሳይሆን ለሥራው የዋለና ሊከስር የሚችል መሆን አለበት፤ ለዚህም ነው የቤት ኪራይ ውልና የዕቃ ግዥ ደረሰኝ ከማመልከቻው ጋር የሚቀርበው። ውሉ ላይ ግን ቪዛው ካልተፈቀደ ገንዘቡ እንዲመለስ የሚል ሁኔታ ማስገባት ይቻላል፤ ጠበቃ ሳያማክሩ ይህን አይለፉት።

ሌላው ብዙ ሰው የሚወድቅበት ነጥብ የድርጅቱ ገቢ ነው። ምግብ ቤቱ የእርስዎን ቤተሰብ ቀለብ ብቻ የሚሸፍን ከሆነ አይበቃም፤ በአምስት ዓመት ውስጥ ከዚያ በላይ ማትረፍ የሚችል መሆኑን የቢዝነስ ዕቅዱ ማሳየት አለበት፤ ይህም ብዙውን ጊዜ ሠራተኛ መቅጠርን ይጨምራል። እርስዎ ከሐዋሳው ምግብ ቤትዎ የሚያመጡት የሒሳብ መዝገብ እዚህ ላይ ይጠቅምዎታል፤ ኮንሱሉ ዕቅዱን የሚያምነው ከዚህ በፊት ያደረጉትን አይቶ ነው።

ባለቤትዎን በተመለከተ ዜናው ጥሩ ነው። የኢ-2 ቪዛ ያገኘ ሰው የትዳር ጓደኛ ከደረሰችበት ጊዜ ጀምሮ ለመሥራት ትችላለች፤ በድርጅታችሁ ውስጥም ሆነ በሌላ ቦታ። ቨርጂኒያ ደግሞ ለሹሩባ ሥራ ትጠይቀው የነበረውን የሙያ ፈቃድ እ.ኤ.አ. በ2012 አንሥታለች። ፀጉር መቁረጥና በኬሚካል ማለስለስ ግን ፈቃድ ስለሚጠይቁ ባለቤትዎ ወደዚያ ሳትሻገር በሹሩባው ብትወሰን ይሻላል። ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር ከሄዳችሁ የዚያን ክፍለ ሀገር ሕግ አዲስ ሆኖ መጠየቅ ነው።

ኢ-2 ቋሚ መኖሪያ እንዳልሆነ ግን ከመጀመሪያው ይወቁት። በአንድ ጊዜ የሚፈቀደው ቆይታ ሁለት ዓመት ሲሆን፣ ሥራው እስከቀጠለ ድረስ የመታደሱ ብዛት አልተገደበም። በራሱ ወደ ግሪን ካርድ አያመራም። ልጆችም 21 ዓመት ሲሞላቸው ከእርስዎ ቪዛ ይወጣሉ፤ ስለዚህ ትልቁ ልጅዎ አሁን 16 ወይም 17 ዓመት ከሆነ ይህን በዕቅድዎ ውስጥ ያስገቡት። ቪዛው ራሱ ለስንት ጊዜ እንደሚያገለግል እንደ ዜግነት ስለሚለያይና ሕጎቹም ቶሎ ቶሎ ስለሚለዋወጡ፣ ማንኛውንም ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት በዚያው ሳምንት የኤምባሲውን ገጽ ይመልከቱ።

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር በባህል ምሽት ቤት ክራር እጫወታለሁ፤ ሥራዬ ይኸው ብቻ ነው። ካናዳ «ራሳቸውን ለሚያስተዳድሩ አርቲስቶች» የሚሰጠው ቋሚ መኖሪያ አለ ብሎ አንድ ቢሮ ለተራ መያዣ 80 ሺህ ብር ጠየቀኝ። ልክፈል?

መልስ፦ አይክፈሉ። ፕሮግራሙ እውነተኛ ነው፤ ግን የካናዳ መንግሥት እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 30 ቀን 2024 ጀምሮ አዲስ ማመልከቻ መቀበል አቁሟል። ስለዚህ የሚያዝ ተራ የለም፤ ፕሮግራሙ ይከፈት አይከፈት፣ በምን መመዘኛ እንደሚከፈት ወደፊት የሚወሰን ነው።

ይህን ስንል ግን ፕሮግራሙ ለእርስዎ ዓይነት ሰው የሚመች እንደነበር ማወቅ አለብዎት። በባህል ወይም በስፖርት መስክ ባለፉት አምስት ዓመታት ውስጥ ቢያንስ የሁለት ዓመት ልምድ ያለው ሰው ያመለክት ነበር፤ ከ100 ነጥብ ማለፊያው 35 ነው። ለትምህርት የተመደበው ከፍተኛው ነጥብ 25 ሲሆን ለሥራ ልምድ የተመደበው 35 ነበር። ይህ ማለት አምስቱንም ዓመት በሙያው ያሳለፈ ሰው ትምህርት ባይኖረውም በልምዱ ብቻ ማለፊያውን ሊነካ ይችል ነበር፤ ዕድሜው ከ21 እስከ 49 ለሆነ ደግሞ 10 ነጥብ ይጨመርለታል። ከዚህ በላይ ካናዳ ውስጥ በሙያው ራሱን ማስተዳደር እንደሚችል ማሳመን ይጠበቅበታል፤ አብዛኛው ሰው የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው።

የካናዳ ጉዳይ አስፈጻሚ ነኝ ለሚልዎ ሁሉ የምንመክርዎ አንድ ነገር አለ። ገንዘብ ተቀብሎ ስለ ካናዳ ኢሚግሬሽን ማማከር የሚችለው የካናዳ ጠበቃ ወይም የኢሚግሬሽን አማካሪዎች ኮሌጅ የሚባለው የሙያ ተቆጣጣሪ አካል አባል ነው፤ በኩቤክ ደግሞ ኖታሪም ይችላል። የኮሌጁ የአባላት መዝገብ ለሕዝብ ክፍት ስለሆነ አማካሪ ነኝ የሚለውን ሰው ስም ፈልገው ካላገኙ ውይይቱን እዚያው ያቁሙ።

በእንግሊዝ በኩል ለሥነ ጥበብ ሰዎች የሚሰጥ ግሎባል ታለንት የሚባል ቪዛ አለ፤ ዲግሪም የእንግሊዝኛ ፈተናም አይጠይቅም፤ ነገር ግን አርትስ ካውንስል ኢንግላንድ የሚባለው ተቋም ድጋፍ መስጠት አለበት። ድጋፉ የሚሰጠው ሥራቸው ከአካባቢያቸው አልፎ በታወቀ መድረክ ለቀረበና በሙያው ስመ ጥር ተቋማት ለመሰከሩላቸው ሰዎች ነው። በምሽት ቤት ብቻ የሚጫወት ሰው በአሁኑ ደረጃ የሚያልፈው አይመስለንም፤ በውጭ ፌስቲቫሎች ላይ የመጫወት ዕድል ካገኙ ግን ፕሮግራሙን፣ የግብዣውን ደብዳቤና የጋዜጣ ዘገባውን አንድ ሳይጥሉ ያስቀምጡ።

ለጊዜው 80 ሺህ ብሩን ከማውጣት ይልቅ ከሚጫወቱበት ቤት ባለቤት ጋር የጽሑፍ ውል ያድርጉ፤ ክፍያዎም በባንክ ይግባ። አብዛኞቹ የባህል ተጫዋቾቻችን በሽልማትና በዕለት ክፍያ ስለሚኖሩ አሥር ዓመት ተጫውተው አንድም ወረቀት የላቸውም። ለሠርግ ወይም ለበዓል ሲጠሩም ቀኑን፣ ቦታውንና የክፍያውን መጠን የሚጠቅስ አንድ ገጽ ስምምነት ያስፈርሙ፤ ፕሮግራሙ ዳግመኛ ቢከፈት በመጀመሪያ የሚጠየቁት ያለፉትን ዓመታት በዚህ ዓይነት ወረቀት እንዲያስረዱ ነው።